ንጉሥ የሌለበት ዳማ

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ ክርስትና አለብኝ ብላ ጠርታኝ ወረታ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ከተማዋ አሁን የሩዝ ከተማ ሆናለች፤ ከመፈልፈያ ቤቶቹ የሚወጣው ገለባ አየሩን ዱቄት ዱቄት ያሰኘዋል። ከሥሩ ግን የድሮው ሽታ አለ፤ ዝናብ የጠገበ ጥቁር አፈር፣ የረጠበ ከብት፣ የቆመ ውኃ። ገና መንገዱን ሳልሻገር ጫማዬ የራሱን ክብደት ያህል ጭቃ ተሸከመ።

የአክስቴ ልጅ ቤት ካለበት ቅያስ መግቢያ ላይ ጌም ቤት ተከፍቷል። አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ውስጡ ቴሌቪዥኖች፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተጨናነቁ ጎረምሶች። እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ ጎል ሲገባበት መጫወቻውን ጭኑ ላይ ወርውሮ «ይቺ እጀታ ተበላሽታለች!» ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ የሳቁበት ሳቅ መንገድ ድረስ ተሰማ።

ዝናቡን ለማሳለፍ አጠገቤ የተጠለሉ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ ትውልድ በጨዋታ አለቀ» አሉኝ። «እኛ በዚህ ዕድሜ ቁም ነገረኞች ነበርን።»

«እውነትዎን ነው አባቴ» አልኩ፤ ለሽማግሌ ሌላ ምን ይባላል? በሆዴ ግን ሳቅሁ። እነዚያን ቁም ነገረኞች በዓይኔ አይቻቸዋለሁና። ተሸንፎ እጀታውን የሚወቅስ ልጅ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ያኔ «ጠረጴዛው ዘመመ» ወይ «ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች» ይል ነበር፣ ያውም በክረምት። ከጀርባ ቆሞ «በዚያ በኩል! በዚያ በኩል!» እያለ የማይመለከተውን የሚያጫውትም ነበር። ጨዋታ ካለ እነዚህ ሁለት ሰዎች አይጠፉም፤ መጫወቻው ከቆርኪ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር እነሱ ንቅንቅ አይሉም። ቁም ነገርንና ጨዋታን ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ በደርግ ዘመን አንድ ክረምት ወረታ ያልነበረ ሰው መሆን አለበት።

ያን ክረምት እኔ ነበርኩ። አባቴ ግርማ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በየገጠሩ ቤት እየገቡ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞች አለቃ ሆኖ ወረታ ወዳለችበት ፎገራ ተዛወረ፤ እዚህ ከቅርቧ አንበሳሜ የመጣችውን እናቴን አገኘና እዚሁ ቀረ። የከተማው ሰው ስሙን ትቶ «ወባው» ይለዋል። እኔ ደግሞ «የወባው ልጅ» ነኝ። ይህ ስም ብዙ አሳስቶኛል። አባቴ ራሱ በሽታው ይመስለኝ ነበር፤ ማስረጃም ነበረኝ። እሱ አንድ ቤት ሊገባ ሲል ባለቤቶቹ ልጅና ድስታቸውን ይዘው ይወጣሉ። መድኃኒቱ እንዳይነካባቸው መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። በዚያ ላይ በየዓመቱ እሱም በወባ ተይዞ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣ የራሱ ዕቃ ወደ ራሱ የተመለሰ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ እስከ ጣና ድረስ ሜዳው ላይ ይፈስሳል። ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ይነዳል፣ የአባቴ መኪና ጎማዋ በጭቃ ተውጦ ትቆማለች። መርጨት የለም። ሥራ የፈታ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሄድበት ቦታ ደግሞ አንድ ነበር፤ የአያ ሰይድ በረንዳ።

አያ ሰይድ ልብስ ሰፊ ናቸው። በረንዳቸው የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት ትይዩ ነው። በክረምት ሠርግ ስለሌለ ልብስ የሚያሰፋ የለም፤ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛቸውን ሳንቃ ገልብጠው በጀርባው በስፌት ጠመኔ የዳማ መደብ ሠርተውበታል። ጠጠሮቹ ቆርኪዎች ናቸው፤ የአንዱ ተጫዋች ፊታቸው ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች። ዳማ የማያውቅ ካለ፣ ሕጉ ቀላል ነው። ጠጠር ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ የባላጋራን ጠጠር ዘሎ ይበላል፤ መብላት እየተቻለ አለመብላት ክልክል ነው። ከመደቡ ጫፍ የደረሰ ጠጠር ግን ሌላ ቆርኪ ይደረብበትና ይነግሣል። የነገሠ ጠጠር ወደፊትም ወደኋላም እንዳሻው ይጋልባል።

የበረንዳው ጌታ የኔታ ክንፉ ነበሩ። የኔታ ከከተማው ጫፍ ባለው ደብር የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የወረታ ወንድ ግማሹ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው አርጩሜ ነው። ጆሯቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ለማኅሌት የተሠራ ስለሆነ ሹክ ያሉት ነገር ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ድረስ ይሰማል። ካህን ሆኖ በአደባባይ ዳማ መጫወት እናቴን ያሳፍራት ነበር። «እሳቸውን ብሎ መምህር!» ትላለች። እሳቸው ግን ጠጠር በበሉ ቁጥር ቆርኪዋን አንሥተው «ነፍስ ይማር» ይሏታል፤ ይህን እንኳ ማንም ዓለማዊ ጨዋታ አይለውም። ባላጋራቸው ብዙ ካሰበባቸው «ተኛ እንዴ? ቀስቅሱት እንጂ!» ይላሉ። የዳማ ግማሹ በጣት ነው፣ ግማሹ በአፍ ነው። የጌም ቤቱ ልጆች ሲሰዳደቡ ስሰማ ያልደነገጥሁት ለዚህ ነው፤ በካህን የተሰደበ ሰው አይቻለሁ።

አባቴ መጀመሪያ ከየኔታ ጋር የተጫወተ ዕለት ማታ እራት ላይ «ዛሬ የኔታ ጨርሰው በሉኝ» አለ። እኔ ጣቶቹን አየሁ። ሁሉም አሉ። የኔታ ጥርስ እንደሌላቸው ትዝ ሲለኝ ትንሽ ተጽናናሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ስሙ ንጉሤ ነው። ጓድ ንጉሤ። ወጣት ነው፤ ካኪ ይለብሳል፣ ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ ይይዛል። ጓድ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ጓድ ንጉሤ፣ የአብዮት ጥበቃው ጓድ አለምነው፣ የስኳር ማደያው ጓድ፣ ሁሉም ጓድ። አንድ እናት ይህን ሁሉ ልጅ በአንድ ስም ስትጠራ እንዴት እንዳልተምታታባት ይደንቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ጓድ ንጉሤ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ የኔታ አንዲት ቆርኪ በአባቴ በኩል ካለው ጫፍ አድርሰው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ።

«ነገሥሁ!»

ጓድ ንጉሤ ቆመ። ጃንጥላውን አጠፈ።

«የኔታ፣ ምን አሉ?»

«እህ?»

«ምን አሉ ነው የምልዎት!»

«ነገሥሁ አልሁ። ደርብልኝ ግርማ።»

«በዚህች አገር ንጉሥ የሚባል ነገር ቀርቷል» አለ ጓድ ንጉሤ፣ ድምፁን ለመንገዱ ሁሉ ከፍ አድርጎ።

አባቴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጓድ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጓድ ግርማ፣ ፊውዳሊዝም የሚደበቀው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ልጆች ይሰማሉ።» በጣቱ አመለከተኝ። እኔ ፊውዳሊዝም የተደበቀበትን ለማየት ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ተመለከትኩ። የአያ ሰይድ የጨርቅ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለው።

«ምን አለ?» አሉ የኔታ።

አያ ሰይድ ወደ ጆሯቸው ተጠግተው ጮሁ። «ንጉሥ አይባልም ነው የሚለው!»

የኔታ አሰቡ። ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ከልባቸው፣ መልሱ እንደጨነቀው ሰው ጠየቁ። «ታዲያ አንተን ምን እንበልህ፣ ንጉሤ?»

በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ። አያ ሰይድ ክር የሌለው መርፌ ውስጥ ክር ፈለጉ። ጓድ ንጉሤ አንገቱ ድረስ ቀላ።

«እኔን ጓድ ሊቀመንበር ይበሉኝ» አለ በመጨረሻ።

«በጀ! እንግዲያ ይችንም ሊቀመንበር እንበላት» አሉ የኔታ ቆርኪዋን እየነኩ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ።

ጓድ ንጉሤ ነገሩን መረመረው። መረመረውና ደስ አለው። «ይሁን። ከታች ተነሥታ፣ ታግላ፣ ጫፍ ደረሰች፤ ሊቀመንበር ሆነች። እንዲያውም ትምህርት አለው።» ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

አባቴ ወደ ቤት ስንሄድ እየሳቀ ነበር። ስለ መብላቱ ግን ማንም ያሰበበት አልመሰለኝም።

በማግስቱ ታሰበ። አባቴ አንድ ጠጠር ጫፍ አደረሰና በደንቡ መሠረት «ሊቀመንበር» አለ። ሊቀመንበሯ ከጫፍ ተመልሳ መሀል ስትገባ የአያ ሰይድ ተራ ሆነ። ያቺ ሊቀመንበር በፊታቸው ተጋልጣ ቆማለች፤ ዘለው ይበሏታል፤ ሕጉም ያስገድዳል። አያ ሰይድ እጃቸውን ሰደዱ፣ መለሱ። መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ።

«ብላ እንጂ!» አለ ከጀርባ የሚያጫውተው።

«አንተ ብላ» አሉት አያ ሰይድ። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ ማጫወት ቀነሰ።

ለሳምንት ያህል የወረታ ዳማ ታመመ። ሁሉም የሌላውን ሊቀመንበር እንዳያገኝ አንገቱን ደፍቶ በዳር በዳር ይሄዳል። ጨዋታ ሁሉ አቻ ይወጣል። አባቴ አሸናፊ ሊሆን ሲል ሳል ይጀምረዋል። በመጨረሻ መላውን ያገኙት አያ ሰይድ ናቸው። የባላጋራቸውን ሊቀመንበር በሁለት ጣት አነሡና፣ ቀስ ብለው፣ በአክብሮት፣ «ጓድ ሊቀመንበር ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውረዋል» አሉ። በረንዳው ተነፈሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይበላም፤ ሁሉም ይዛወራል። እኔም ቤት ውስጥ ድመታችን አይጥ ይዛ ሳያት «አዛወረቻት» አልኩና እናቴ ግራ ገባት።

የኔታ ግን አዲሱን አነጋገር አልሰሙም። ቢሰሙም የሚቀበሉት አይመስለኝም።

ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ የኔታ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል ስለማይቀምሱ፣ ረሃቡን ለማስረሳት ጧት ጧት መጥተው ይጫወታሉ፤ የጾመ የኔታ ደግሞ ከበላው የኔታ በእጥፍ ይብሳል። አንድ ጧት ዝናቡ ድንገት አባርቶ መንገዱ ጸጥ ብሎ ነበር። በቀበሌው ሱቅ ስኳር መጥቷል ስለተባለ ሰው ወደዚያው ይተማል፤ አለምነው ጠመንጃውን አንግቶ ሰልፉን ሊያስጠብቅ ይሄዳል። በትክክል በረንዳው ፊት ሲደርስ አባቴ አንድ ነገር ተሳሳተ። የኔታ አንዱን የአባቴን ጠጠር ዘለሉ፣ ከእሷም አልፈው ሌላ ዘለሉ። ሁለቱም የተደረበባቸው ነበሩ።

«ሊቀመንበሩን በላሁት!» አሉ የኔታ። የደብሩ ደወል እንዲህ አይሰማም። «ምክትሉንም በላሁት! ነፍስ ይማር! ሌላም ካለህ አምጣ!»

የስኳሩ መንገደኛ ቀጥ አለ። አለምነውም ቀጥ አለ። አያ ሰይድ «ተዛወሩ! ተዛወሩ ማለታቸው ነው!» አሉ፣ ግን ማን ይሰማቸዋል?

አለምነው ሞኝ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እያየ እንዳልሰማ መሆን ግን አይችልም። ቆርኪዎቹን በቆቡ ሰበሰበ። መደቡ የተሠራው ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ጠረጴዛውም ይፈለጋል። ጠረጴዛውን አባቴ ተሸከመ። አያ ሰይድ «ሥራ መሥሪያዬ ነው!» እያሉ እስከ መንገዱ መሀል ተከተሉና ቆሙ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ የት እንደሚሄዱ የገባቸው አይመስሉም። «ቅዳሴ ሳይደርስ መጨረስ አለብን» ይላሉ።

እኔ ወደ ቤት ሮጥኩ። «አባዬን ቀበሌ ወሰዱት» ስል እናቴ እጇ ላይ የነበረው ወንፊት ወደቀ። በዚያ ዘመን ቀበሌ ተጠርቶ በማግስቱ የሚመለስ ሰው ነበር፤ እንደወጣ የቀረም ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሹራቡን እንኳ ሳይለብስ ሄዶ እናቱ እስከዚያ ክረምት ድረስ ሹራቡን በር ላይ ሰቅላው ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። ጋቢ አጠፈች፤ ሽሮውን በአገልግል አደረገች፤ ሹራብም ጨመረች። ስንወጣ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመው የሚያዋሩን ጎረቤቶች በራቸው ተዘግቷል። እጇ እጄን ሲይዘኝ ያመኝ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። «እማዬ፣ ቆርኪዎቹንም ያስሯቸዋል?» አልኩ።

አላየችኝም። «ዝም በይ» አለች። እኔ ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ካሰሯቸው ቢያንስ መጫወቻ አያጣም ብዬ አሰብኩ።

ቀበሌው ከስኳር ሱቁ ጋር በአንድ ጣሪያ ነው። ስንደርስ ሰልፉ ፈርሶ ሰው ሁሉ በቢሮው መስኮት ተሰብስቧል፤ እናቴ በክርኗ እየገፋች ከበሩ አደረሰችኝ። የአያ ሰይድ ጠረጴዛ ከጓድ ንጉሤ ጠረጴዛ ጎን ቆሟል። አባቴ ግድግዳ ተደግፏል፤ ፊቱ ወባ የያዘው ጊዜ ይመስላል። የኔታ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ጓድ ንጉሤ ቆሞ ይመረምራል።

«የኔታ! ሊቀመንበሩን በልተዋል ወይስ አልበሉም?»

«እህ?»

«በልተዋል ወይ?!»

የኔታ ፊታቸው ተለወጠ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው አያውቁም። «እኔ? በፍልሰታ?» አሉ። «ንጉሤ! ውኃ እንኳ አልቀመስሁም!»

መስኮቱ ላይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አለምነው ጣሪያ ማየት ጀመረ። ጓድ ንጉሤ ወደ አባቴ ዞረ።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ። አስረዳ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሕጉ ነው» አለ አባቴ። «መብላት የሚችል ካልበላ አይሆንም። የኔታ ሆን ብለው አይደለም። እኔ ነኝ ያጋለጥኳቸው። ማለት… ያጋለጥኩት። ቆርኪውን።»

«እንዴት አጋለጥከው? አሳይ።»

አለምነው ቆቡን ገለበጠ፤ ቆርኪዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንኳኩ። ሁሉም እንዳሉ ሳይ እፎይ አልኩ። አባቴ እንደነበሩ አሰለፋቸው። ጓድ ንጉሤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ አየ። ጎንበስ አለ።

«እዚህ ጋ ነበርክ?»

«አዎ።»

«እና ይችን አንቀሳቀስክ?»

«አዎ።»

«ምነው ሰውየ! በዚህ በኩል ብትመጣ ኖሮ እኮ እሳቸው ናቸው የሚጋለጡት!» አለና አባቴን በትከሻው ገፋ አድርጎ በቦታው ቆመ። «የኔታ፣ ይመልሱ እስቲ። ይህን ቢያደርግ ምን ሊያደርጉ ነበር?»

ይህን የኔታ ሰሙ። እኔ እስከ ዛሬ የማስበው ጆሮአቸው ለዳማ ሲሆን ይከፈት ነበር ብዬ ነው። እጃቸውን ከመቋሚያው አንሥተው መለሱለት። እሱም መለሰ። መጀመሪያ ቆሞ ነበር፤ ቀጥሎ ወንበር ሳበ፤ ቀጥሎ ቆቡን አወለቀ። ጭንቅላቱ ላይ ከልጅነቱ የቀረ የቆረቆር ምልክት አለ። ካኪ የለበሰ የድሮ ተማሪያቸው ሆኖ ታየኝ።

ዝናቡ ተመለሰና ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ማንም አልሄደም። የስኳር አዳዩ ራሱ ሚዛኑን ትቶ መጥቷል። እናቴ አገልግሉን እንደያዘች ቆማለች። የኔታ በሉ፤ «ነፍስ ይማር» አሉ። ጓድ ንጉሤ በላ። ዳሩን ይዞ አንዲት ቆርኪ ገፋ፤ ደግሞ ገፋት፤ የኔታ ሊይዟት ሞከሩ፣ አመለጠቻቸው፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደረሰች። ጓድ ንጉሤ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«ነገሥሁ!!»

መስኮቱ ላይ አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ምንም አስባ አይመስለኝም፤ ነገሥሁ ሲባል እልል ከአፏ የወጣ ነው። ከዚያ አፏን ያዘች።

ጓድ ንጉሤ እጁ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። መስኮቱን አየ። አባቴን አየ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአገሩን መሪ ፎቶግራፍ ሊያይ ፈለገና ተወው። የእናቴ እጅ እጄን ጨመቀ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

አለምነው ጉሮሮውን ጠረገ። ትእዛዝ ማክበር የሚወድ ሰው ነበር። «ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ በእውነት ተቸግሮ። «አሁን ማንን ነው የማስረው?»

ጓድ ንጉሤ አፉን ከፈተ። የወጣው መጀመሪያ ሳል ነበር። ቀጥሎ የሳል ዓይነት ነገር። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደቀና ካኪው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ መስኮቱ ሳቀ፣ ስኳር አዳዩ ሳቀ፣ አባቴ እየሳቀ ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። እናቴ ብቻ አገልግሉን መሬት አስቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

የኔታ ቀና አላሉም። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው መደቡን ሲያጠኑ ነበር። «ሳቅ በኋላ ይደረስበታል» አሉ፤ ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ቆርኪ አንሥተው ዘለሉ። «በላሁህ ንጉሤ። ነፍስ ይማር። በል ቅዳሴ ደረሰ።» መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። አለምነው በሩን ከፈተላቸው።

ፍርዱ የተሰጠው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ጓድ ንጉሤ ቆቡን አደረገ፣ ካኪውን አስተካከለ፣ ወደ መስኮቱም ፊቱን አኮሳተረ። «ዳማው ይቀጥላል። ያችን ቆርኪ ግን ስም አታውጡላት። ንጉሥም አትበሏት፣ ሊቀመንበርም አትበሏት። ዝም ብላችሁ ደርቡባት!» ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ ደግሞ በዝግታ ጨመረ። «ለየኔታም በጆሯቸው ንገርልኝ።»

አባቴ ጠረጴዛውን በራሱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። እናቴ ከኋላው አገልግሉን ይዛ እስከ ቤት ድረስ ስትሰድበው ሄደች፤ ጎረቤቶቹ በራቸውን ከፈቱ። እኔ የቆርኪዎቹን ቆጠራ ለማጣራት አንድም ቆቡ ውስጥ እንዳልቀረ አለምነውን ጠየቅሁ፤ ቆቡን አራግፎ አሳየኝ።

ጓድ ንጉሤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሊመሽ ሲል ወደ በረንዳው ይመጣ ጀመር። ቆቡን በኪሱ ከትቶ ተራ ይጠብቃል። አንድም ቀን የኔታን አላሸነፈም። የኔታ ጠጠሩን እያነሡ «ነፍስ ይማር» ሲሉት «ይማር» ይላል። ቀን ቀን ግን ያው ነበር። ያው ካኪ፣ ያው ስብሰባ፣ ያው ሰው ማስጠራት። የጎረቤታችን ልጅ ሹራብም በር ላይ እንደተሰቀለ ነበር። በጨዋታ ሰው ይለወጣል የሚሉ አሉ፤ ይበላሻል የሚሉም አሉ። እኔ ያየሁት ያን ያህል አይደለም። ጨዋታው ላይ እስካለ ድረስ ጓድ ንጉሤን መብላት ይቻል ነበር፣ እሱም ይህን ያውቅ ነበር፣ ያውም እያወቀ ይመጣ ነበር። ለዚያች ሰዓት ይህ በቂ ነው። ሙሉ ከተማ በሹክሹክታ በሚያወራበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ «በላሁህ» የሚልበት አንድ ጠረጴዛ መኖሩን እኔ ትንሽ ነገር አልለውም።

መስከረም ጠባ። ውኃው ከሜዳው ሸሸ፤ የአባቴ መኪና ከጭቃው ወጣችና እሱ ከረጪዎቹ ጋር ገጠር ገባ። ጓድ ንጉሤ ለበዓሉ ሰልፍ ሕዝቡን ማለማመድ ጀመረ። አያ ሰይድ የሰልፈኞቹን ልብስ ሲሰፉ ማሽናቸው ከጧት እስከ ማታ አይቆምም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የኔታ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ጠጠሮቹን ከሁለቱም ወገን ደርድረው አገኘኋቸው። ባዶውን ወንበር ያያሉ።

«አንቺ የወባው ልጅ» አሉ። «ነይ ተቀመጪ።»

«እኔ?» ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ሴት ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። አያ ሰይድ ማሽኑን አቆሙ።

«ክረምቱን ሙሉ ዓይንሽን ከዚህ አልነቀልሽ። ምን ስታይ ኖርሽ ታዲያ? ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት አይደርስም። ጀመርን። ሽማግሌ ናቸው፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ ትንሽ ይተውልኛል ብዬ ነበር። አልተውልኝም። የመጀመሪያዋን በሉ፤ «ነፍስ ይማር» አሉ። ሁለተኛዋን በሉ። አንዱን ዘለው፣ ከእሱም ሌላውን ዘለው፣ ሦስት በአንድ ጊዜ ወሰዱብኝ። አንዲት ቆርኪ ከጫፍ ልትደርስ ስትል ያዟት። መደቡ ላይ የእኔ የሚባል ነገር ሲጠፋ ከንፈሬን ነከስኩ፤ አልያዘልኝም፤ እንባዬ ጠረጴዛው ላይ ወረደ።

የኔታ ደነገጡ። «ምን ሆንሽ?»

«በሉብኝ» አልኩ።

«እህ?»

«ሁሉንም በሉብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አዎን በላሁብሽ» አሉ። «ምነው፣ ልተውልሽ ኖሯል? ንቄሽ?»

የኔታ በመዳፋቸው የበሏቸውን ቆርኪዎች ሰብስበው ወደ እኔ ገፏቸው፤ ለራሳቸውም የራሳቸውን ሳቡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ፤ ለአባቴም ለጓድ ንጉሤም እንደሚጠብቁት።

«ደርድሪ» አሉኝ።

ፊቴን በቀሚሴ ጠረግሁና ደረደርኩ።